ዱላዬን ብቀይር ከመቶ እወርዳለሁ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። እድሜዬ 43 ነው፣ ጎልፍ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። እሁድ እሁድ እጫወታለሁ፣ ሲመቸኝ ደግሞ በሳምንቱ መሃል አንድ ቀን ልምምድ ሜዳ ብቅ እላለሁ። ውጤቴ (በአንድ ዙር የምመታው ምት ብዛት፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል) ከ101 እስከ 108 እየዋለለ ነው፣ ከመቶ በታች አንድም ቀን ወርጄ አላውቅም። አይረኖቼን (ጭንቅላታቸው ብረት የሆነ ባለቁጥር ዱላዎች) የሰጠኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ጨዋታውን ሲያቆም። እሱም ከአስራ አምስት ዓመት በላይ ተጫውቶባቸዋል (ወንድሜ ከእኔ በአንድ ጭንቅላት ያጥራል፣ እኔ 1 ሜትር ከ88 ነኝ፣ ይሄ ለውጥ ያመጣ ይሆን?)። በአጫጭሮቹ አይረኖች ስመታ ኳሷ ወደ ቀኝ ታደላለች፣ የድራይቨሩማ (የረጅሙ መክፈቻ ዱላ) ይቅር አይወራ። ባለፈው ወር ጓደኛዬ አዲስ ሙሉ ስብስብ ገዛ። የእሱን ሰባት ቁጥር ተውሼ ብመታበት ኳሷ ከእኔ ሰባት ቁጥር ሃያ ሜትር ያህል አልፋ አረፈች! ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ባለቤቴ ግን "ችግሩ አንተ ነህ እንጂ ዱላው ምን አደረገ" ትለኛለች። ገንዘቡን አጠራቅሜያለሁ። ልግዛ ወይስ ልተው?
እንቅልፍ ያጣው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከእንቅልፍ ያጣላህ የጓደኛህ ሰባት ቁጥር ስለሆነ መጀመሪያ እሱን እንገላገለው።

ዱላ ላይ የተቀረጸው ቁጥር መለኪያ አይደለም። "7" ተብሎ የተጻፈበት ዱላ ይህን ያህል መሆን አለበት የሚል ሕግ የለም፣ ፋብሪካው የፈለገው ላይ ይጽፈዋል። ቁም ነገሩ ሎፍቱ ነው፣ ማለትም የዱላው ፊት ወደ ኋላ የተጋደመበት ዲግሪ፤ እሱ ሲያንስ ኳሷ ሩቅ ትሄዳለች፣ የዱላው ቁጥር ሲያንስም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሰራ ሰባት ቁጥር አይረን አብዛኛውን ጊዜ ከ35 ዲግሪ በላይ ነበር። ዛሬ ለእንደ እኔና አንተ ዓይነቱ ተጫዋች ተብሎ የሚሸጠው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ዘንጉም ረዘም ብሏል። የወንድምህ አይረኖች በሁለቱ መሃል የሆነ ቦታ ናቸው። እና ጓደኛህ የያዘው የአንተ ስድስት ቁጥር፣ ምናልባትም አምስት ቁጥር ነው፣ ላዩ ላይ ግን "7" ተብሎ ተጽፎበታል። ሃያ ሜትሩ ከየት እንደመጣ ገባህ አይደል?

ፋብሪካዎቹን ሙሉ በሙሉ አታላይ ማለቴ አይደለም። አዲሶቹ አይረኖች ክብደታቸው ወደ ታች ስለተሰበሰበ ሎፍታቸው ቢቀንስም ኳሷን ከፍ አድርገው ያነሳሉ። የድሮ አምስት ቁጥር እንደዚያ አያነሳም፣ ስለዚህ እውነተኛ ጥቅም አለው። ግን የምታወዳድር ከሆነ ሎፍትን ከሎፍት ጋር አወዳድር። ቁጥርን ከቁጥር ጋር ካወዳደርክ ሁልጊዜ አዲሱ ያሸንፋል፣ ሻጩም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ደግሞ ማንም የማይነግርህ ጣጣ አለ። አይረኖቹ በሙሉ ወደ ረጅም ርቀት ሲገፉ ከታች ክፍተት ይፈጠራል። የአዲሱ ስብስብ ፒቺንግ ዌጅ (ለአጭር ርቀት የሚሆን ዱላ) 43 ወይም 44 ዲግሪ ይሆናል። ቦርሳህ ውስጥ ያለው ሳንድ ዌጅ (ከእሱም ላጠረ ርቀት የሚሆነው) 56 ነው እንበል። በመሃላቸው ከአስር ዲግሪ በላይ ባዶ ቦታ አለ። ያ ባዶ ቦታ ደግሞ ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት የተላጨ ሣር) አጠገብ ደርሰህ ሰማንያና ዘጠና ሜትር የሚቀርህ ቦታ ላይ ነው የሚወድቀው። አንዱን ስትመታ ታልፋለህ፣ ሌላውን ስትመታ ታጥራለህ። ከዚያ መሙያ ዌጅ ልትገዛ ነው። ከጓደኛህ ጋር ስትጫወት ይህን ልብ በል፣ ሰባት ቁጥሩን ሳይሆን ከዘጠና ሜትር ምን እንደሚያደርግ እየው።

እሺ፣ አዲስ ዱላ የሚሰጥህ እውነተኛ ነገር ምንድነው? ይቅርታ ነው። መሃሉን ስትስት ይቅር ይልሃል። ካርስተን ሶልሃይም የሚባል ኢንጂነር ነበር፣ ፓተሩ (ግሪን ላይ ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልሉበት ዱላ) አልታዘዝ ቢለው እ.ኤ.አ. በ1959 የራሱን ሰራ። የዱላውን ክብደት ከመሃል አንስቶ ወደ ጫፍ (ከዘንጉ የራቀው ዳር) እና ወደ ተረከዝ (ለዘንጉ የቀረበው ዳር) ገፋው። ኳሷን ሲመታት "ፒንግ" የሚል ድምፅ ስለሰጠ የድርጅቱም ስም ፒንግ ሆኖ ቀረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ክብደቱ ዳር ዳር ከሆነ መሃሉን ስተህ ስትመታ ዱላው እጅህ ላይ ቶሎ አይጠመዘዝም። ዛሬ "ለመካከለኛ ተጫዋች" የሚባለው አይረን ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የመጣ ነው።

ድራይቨር ላይ ግን ነገሩ ጣሪያ ነክቷል። የጎልፍ ሕግ አውጪዎች የድራይቨር ጭንቅላት ከ460 ሲሲ (ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር) እንዳይበልጥ፣ ፊቱም ኳሷን ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳያስፈነጥር ከለከሉ። ፋብሪካዎቹ እዚያ ጣሪያ ላይ ከደረሱ ሃያ ዓመት አልፏል። ስለዚህ የአስር ዓመት ድራይቨርና የዘንድሮውን በትክክል መሃሉ ላይ ብትመታበት ልዩነቱ በጣም ትንሽ ነው። አዲሱ የሚያተርፈው ስትስት ነው። "በዚህ ዓመት አስራ አምስት ሜትር ጨመርን" የሚለውን ማስታወቂያ በየዓመቱ ደምረኸው ታውቃለህ? ማስታወቂያው እውነት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማንም ሰው ከፓር አምስት (አምስት ምት ከተመደበለት ረጅም ጉድጓድ) በአንድ ምት ግሪን ላይ በደረሰ ነበር።

እኔም ታምሜበት አውቃለሁ፣ አልደብቅህም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ድራይቨር ገዛሁ። መደብሩ ውስጥ መረብ ላይ አስመቱኝ፣ ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ሲወጣ ልቤ ቀለጠች፣ ሻጩም ካስመታኝ አስር ኳስ ረጅሟን አንዷን እያሳየኝ "ይኸው የአንተ ርቀት" አለኝ። የራሴን አሮጌ ድራይቨር ይዤ አልሄድኩም ነበር፣ እሱም አላስታወሰኝም። ሦስት ሳምንት የጫጉላ ጊዜ ሆነልኝ። በአራተኛው ሳምንት ያችው የድሮዋ ወደ ቀኝ የምትጠመዘዝ ኳስ አድራሻዬን አጠያይቃ መጣች። ዱላው አዲስ ቢሆንም እጄ የድሮው እጅ ነበር፣ ያኔ ነው የገባኝ። ኳስ ወደ ቀኝ የምትጠመዘዘው የዱላው ፊት ከሚሄድበት መንገድ አንጻር ወደ ቀኝ ተከፍቶ ሲያገኛት ነው (ለቀኝ እጅ ተጫዋች)። ፊቱን የሚከፍተው ደግሞ እጅ ነው። በዱላ ማሳበብ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው።

እስካሁን ባለቤትህ እያሸነፈች ነው አይደል? ቆይ።

ደብዳቤህ ውስጥ በጣም የወደድኩት ቅንፍ ውስጥ ደብቀህ ያስቀመጥካትን ነገር ነው። ወንድምህ በአንድ ጭንቅላት ያጥራል፣ ዱላው የእሱ ነው፣ አንተ አጭሩን አይረን ስትመታ ኳሷ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ይሄ ከአሮጌነት ጋር ግንኙነት የለውም። ዱላው ለአንተ አልተለካም ማለት ነው። የሌላ ሰው ሱሪ ለብሰህ ሩጫ የምትወዳደር ነው የምትመስለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንጉ ከጭንቅላቱ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን አለ፣ በእንግሊዝኛ «ላይ» (lie) ይሉታል። ረጅም ሰው እጁ ከመሬት ከፍ ስለሚል ዱላው ለአጭር ሰው የተሰራ ከሆነ ተረከዙ ይነሳል፣ ጫፉ መሬት ይነካል። ወደ ኋላ የተጋደመ ነገር በጎኑ ስታዘነብለው ፊቱ ወደዚያው ወገን ይዞራል፣ ሳህን ይዘህ ብትሞክረው ታየዋለህ። ስለዚህ ፊቱ ወደ ቀኝ ያያል፣ አንተ ፍጹም በሆነ ስዊንግ (ዱላ አወዛወዝ) ብትመታም። ሎፍቱ በበዛ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ነው አጫጭሮቹ ላይ የታየህ። እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ፣ ቁመት ብቻውን አይበቃም። ረጅም ሆኖ ክንዱም ረጅም የሆነ ሰው እጁ ከመሬት ያለው ርቀት እንደማንኛውም ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በግምት አትፍረድ፣ ለካ።

መለኪያው ደግሞ እጅህ ላይ አለ። ነጭ ሰሌዳ ላይ የሚጻፍበትን ማርከር ውሰድ። ኳሷ ላይ ወፍራም ቀጥ ያለ መስመር አስምር። መስመሩ ወደ ዱላው ፊት እንዲያይና ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርገህ ኳሷን አስቀምጥ። ዘጠኝ ቁጥሩን ውሰድ፣ እንደወትሮህ ምታ። አሁን የዱላውን ፊት ተመልከት። መስመሩ እዚያ ታትሟል። ቀጥ ብሎ ከቆመ ዱላው ልክህ ነው፣ በቃ፣ ሌላ ምክንያት ፈልግ። የመስመሩ ራስ ወደ ዱላው ተረከዝ ካጋደለ ዱላው ለአንተ ዝቅ ያለ ነው፣ ኳሷም ወደ ቀኝ መሄዷ አይገርምም። ወደ ዱላው ጫፍ ካጋደለ ተቃራኒው ነው። አንድ ጊዜ መትተህ አትፍረድ፣ ስድስት ሰባት ኳስ ምታና የሚደጋገመውን እይ። እየጠረግክ ቀጥል እንጂ መስመር በመስመር ላይ ከተደራረበ ምንም አታነብም።

ዝቅ ያለ ሆኖ ከተገኘ መድኃኒቱ አዲስ ስብስብ መግዛት ላይሆን ይችላል። ባለሙያ ጋ ወስደህ ሁለት ዲግሪ ያህል ማሳጠፍ ይቻላል፣ ዘንጉንም ማስረዘም ይቻላል። አንዳንዱ ብረት እሺ ብሎ ይታጠፋል፣ አንዳንዱ ግን ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ቤትህ ውስጥ መዶሻና መፍቻ ይዘህ እንዳትጀምር አደራ። ብረቱ አይታጠፍም ካሉህ ያኔ የመግዣ ምክንያት አገኘህ፣ ከጓደኛህ ሰባት ቁጥር የተሻለ ምክንያት።

ሁለተኛ ነገር። እጀታውን አየኸው? ከአስራ አምስት ዓመት በላይ በሰው እጅ የታሸ ላስቲክ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። የሚያንሸራትት እጀታ ሳታውቀው ጠበቅ አድርገህ እንድትይዝ ያደርግሃል። ጠበቅ ስታደርግ ክንድህ ይደርቃል፣ ክንድህ ሲደርቅ የዱላው ፍጥነት ይሞታል፣ የእጅ አንጓህም ፊቱን መዝጋት ያቅተዋል። እጀታ መቀየር ከዱላ ለውጦች ሁሉ ርካሹ ነው፣ ማንም ግን አያወራለትም፣ ምክንያቱም ጓደኛህ አይቶ አይቀናበትም።

አሁን ወደ መቶው እንምጣ። ፓር (ለሜዳው የተመደበው ምት) 72 በሆነ ሜዳ 99 ለማምጣት ከፓር 27 ምት መብለጥ ትችላለህ። ይህ ማለት ዘጠኝ ጉድጓድ ላይ ቦጊ (ከፓር አንድ በላይ)፣ ዘጠኝ ጉድጓድ ላይ ድርብ ቦጊ (ሁለት በላይ) ነው። አንድም ፓር ሳታደርግ ከመቶ ወረድክ! ምንም የሚያስደንቅ ምት አይፈልግም፣ የሚፈልገው ሰባትና ስምንት የሚጻፍባቸውን ጉድጓዶች ማስወገድ ብቻ ነው። በሚቀጥለው እሁድ ስትጫወት እያንዳንዱን የባከነ ምት ምክንያቱን ጻፍ። ውሃ ገባች፣ ዛፍ ሥር ሆና ጀግና ልሁን አልኩ፣ ባንከር (አሸዋው) ውስጥ ሁለቴ መታሁ፣ ከሁለት ሜትር ሦስት ፓት አደረግኩ። ዝርዝሩን ስትጨርስ "ሰባት ቁጥሬ ሃያ ሜትር አጠረብኝ" የሚል ስንት ታገኛለህ? እኔ ስቆጥር አንድም አላገኘሁም። ወረቀቱን እስካሁን አስቀምጬዋለሁ፣ ግማሹ ዛፍ ነው።

ይህን ስል ግን ረጅሙ ምት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። "ዋናው ፓት ነው" የሚለው የድሮ ወሬ ብዙ አያስኬድም። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማርክ ብሮዲ እጅግ ብዙ ምቶችን መርምረው ያሳዩት፣ በጥሩና በደካማ ተጫዋች መሃል ካለው የውጤት ልዩነት ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚመጣው ከመቶ ያርድ (91 ሜትር) በላይ ከሆኑ ምቶች ነው። ስለዚህ ድራይቨርህ በጣም የሚያስቸግርህ ከሆነ እዚያ ላይ ጊዜ ማጥፋት ተገቢ ነው። ግን መጀመሪያ የት እየመታህ እንደሆነ እወቅ። በጣሳ የሚረጭ የእግር ፓውደር ፊቱ ላይ ስስ አድርገህ ርጭ፣ አስር ኳስ ምታ። እያንዳንዷ ኳስ ክብ አሻራ ትተዋለች። አሻራዎቹ በሙሉ አንድ ጎን፣ ለምሳሌ ጫፉ ጋ ከተሰበሰቡ፣ የቆምክበት ርቀት ወይም የዘንጉ ርዝመት አይመጥንህም፣ ያ በልኬት የሚስተካከል ነው። አሻራዎቹ እንደ ኩፍኝ ፊቱን ሁሉ ከሞሉት ግን ወንድሜ፣ ገንዘቡን ለአሰልጣኝ ስጥ። በእንዲህ ያለ እጅ ላይ ይቅር ባዩ አዲስ ድራይቨር ጥቂት ሜትር ያድንልሃል፣ እሱንም አልክድም።

በሌላ በኩል "ዱላ ምንም አይደለም፣ ሴቬ ባሌስቴሮስ በአንድ ሦስት ቁጥር አይረን አይደል የተማረው" የሚሉህ ሰዎች ይመጣሉ። እውነት ነው፣ ልጅ ሳለ ስፔን ውስጥ ባህር ዳርቻ አሸዋ ላይ በአንዲት ሦስት ቁጥር ነበር የሚለማመደው፣ አድጎም አምስት ሜጀር (ከታላላቆቹ ውድድሮች) አሸነፈ። ግን እሱ ቀኑን ሙሉ ነበር የሚመታው፣ ያውም እንዲያ ያለ ተሰጥኦ ይዞ። አንተ በሳምንት አንድ ቀን ብቅ የምትል ሰው ከማይመጥንህ ዱላ ጋር ለምን ትታገላለህ?

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ዛሬ አትግዛ። እጀታውን ቀይር፣ በማርከሩ ለካ፣ አስፈላጊ ከሆነ አሳጥፍ፣ ከአሰልጣኝ ጋር አምስት ስድስት ቀን ስራ። ከሦስት ወር በኋላ አሁንም ዱላው የሚያስቸግርህ ከሆነ ግዛ፣ ያውም ያለፈውን ዓመት ሞዴል ግዛ፣ ልዩነቱን አንተም እኔም አንለየውም። ለመግዛት ስትሄድ የራስህን ዱላ ይዘህ ሂድ። መጀመሪያ በእሱ አስር ኳስ ምታ፣ ከዚያ በአዲሱ አስር ኳስ፣ በአንድ ዓይነት ኳስ። ረጅሟን አትይ፣ የአስሩን አማካይና ግራና ቀኝ የተበተኑበትን ስፋት እይ። ሻጩ "ይቺ አትቆጠርም" ብሎ መጥፎዋን ኳስ ሊያጠፋልህ ከሞከረ አስቆጥራት። እሁድ ሜዳው ላይ ማን ያጠፋልሃል?

ጓደኛህንማ ተወው። ሰው እንደ ቤቱ እንጂ እንደ ጎረቤቱ አይኖርም።

ጥያቄ፦ የ62 ዓመት ሴት ነኝ። ባለቤቴ አዲስ ድራይቨር ሲገዛ አሮጌውን ለእኔ ሰጠኝ። 9 ዲግሪ ይላል፣ ዘንጉ ላይ ደግሞ "ስቲፍ" (ደረቅ፣ የማይተጣጠፍ) ተጽፏል። ኳሷ መሬት ለመሬት ትሮጣለች እንጂ አትነሳም። አራት ቁጥር አይረንም እንደዚያው። አሰልጣኜ ስዊንጌ ደህና ነው ይለኛል። ልቀይር?
እማማ ጎልፍ

መልስ፦ እናቴ፣ እርስዎ ግን ይቀይሩ! ዛሬ ነገ አይበሉ።

ከላይ ያለውን ወንድማችንን "አትግዛ" ብዬው እርስዎን "ይግዙ" ማለቴ አይግረምዎት። የእርስዎ ችግር በልምምድ የሚፈታ አይደለም። ዱላው ቀስ ብሎ በሚሄድ ስዊንግ ላይ ኳሷ አየር ላይ እንድትቆይ ብዙ ሎፍት ያስፈልጋታል። 9 ዲግሪ በጣም ፈጥኖ ለሚመታ ሰው ነው፣ ለእርስዎ 12 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ዘንጉም ቀላልና ለስለስ ያለ ይሁን። ሎፍት ሲጨምር ኳሷ ወደ ጎን መጠምዘዟም ይቀንሳል፣ ይሄ ምርቃት ነው። ዘንግ ሲመርጡ ጽሑፉን አይመኑ፣ "ስቲፍ" እና "ሬጉላር" የሚሉት ቃላት የጋራ መለኪያ የላቸውም፣ የአንዱ ፋብሪካ ሬጉላር የሌላው ስቲፍ ሊሆን ይችላል። መትተው ይምረጡ።

አራት ቁጥሩንም ይገላገሉት፣ አምስት ቁጥሩንም ጭምር። በእነሱ ቦታ ሃይብሪድ (የአይረንና የዉድ ድቅል) ወይም ሰባትና ዘጠኝ ቁጥር ፌርዌይ ዉድ ይያዙ፣ ጭንቅላታቸው ወፈር ያለ ስለሆነ ኳሷን ያለ ትግል ያነሳሉ። ሕጉ 14 ዱላ ድረስ ይፈቅዳል እንጂ 14 ያዙ አይልም። አስር የሚታዘዙ ዱላዎች ይበቃሉ፣ ቦርሳውም ይቀላል። ለባለቤትዎ ደግሞ አሮጌውን መልሰው ይስጡት፣ አዲሱ ሲያስቀይመው ይፈልገዋል።

ጥያቄ፦ በአንድ ዙር አምስት ስድስት ኳስ እጥላለሁ። ውድ የሆነውን፣ ፕሮፌሽናሎች የሚጫወቱበትን ኳስ ብጠቀም ይሻለኛል?
ኳስ አጥፊው

መልስ፦ አይሻልህም። ውድ ኳስ ጥቅሙ የሚታየው ግሪን አካባቢ ሲሽከረከርና ሲቆም ነው፣ የአንተ ኳስ ደግሞ ግሪን ጋ ሳትደርስ ዛፍ ውስጥ እየቀረች ነው። ቢሆንም እንዳገኘህ አትቀያይር። በየጉድጓዱ ሌላ ዓይነት ኳስ ከመታህ ቺፕህ (ግሪን አጠገብ የምትመታው አጭር ምት) ለምን እንዳለፈና ለምን እንዳጠረ በፍጹም አታውቅም። መካከለኛ ዋጋ ያለው አንድ ዓይነት ምረጥና ሙሉ ወቅቱን በእሱ ተጫወት። አምስቱ ጠፍተው ወደ ሁለት ሲወርዱ መልሰህ ጻፍልኝ፣ ያኔ ስለ ውዱ ኳስ እናወራለን።